የአመጋገብ አለመጣጣም

የዳገቴን ሜዳ ሦስት ዓመት ሙሉ በጥርሴ ይዤ ያቆየሁት እኔ አጥናፍሰገድ ነኝ። ዘንድሮ፣ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሌላ ሰበብ ወሰዱትና የምደብቅበት ምክንያት ቀረ። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ፈርቼ አይደለም። እኔን የሚያስፈራ ነገር ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም እኔን ሲያይ ወደ እናቱ ይመለሳል። ዝም ያልኩት፣ ብናገር ሜዳው ስለሚሄድ ነበር። አሁን ሄደ። እንግዲህ እናገራለሁ፤ ደሜ እንደፈላ፣ ሳይበርድልኝ።

ድሮ መንዝ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ ስለ ልጁ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ሲጠያየቅ ፀሐይ ትጠልቅ ነበር አሉ። በእኛ ጊዜ ሰላምታው አጠረ። «ደህና አደርክ? ስንት ቀረን?» ነው። የቀረን የሚባለው ሞት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደራ አየር የሚባል ድርጅት፣ እኔ ጢሜ ገና ሳይበቅል፣ ግማሽ ሜዳችን ላይ አንድ ቁጥቋጦ ተከለ። ባለውለታ ይሉታል። የሩቅ አገር ጭስ ይውጣል፣ ውርጭ አይነካውም፣ ቅጠሉ የበቅሎ ጆሮ ያህላል፣ ያብረቀርቃል። እኛ አንጀት በጥስ እንለዋለን፤ ቤታችን ውስጥ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። መንቀሉ ክልክል ነው። ማጠሩ ክልክል ነው። መርዝ ብሎ መጥራቱም ክልክል ነው። በግ በልታው አረፋ ደፍቃ ስትሞት የሚመዘገበው «የአመጋገብ አለመጣጣም» ተብሎ ነው። ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የበጓ ሆነ ማለት ነው፤ መብላት አልቻለችበትም። ይህን ሐረግ የፈጠረውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው፣ ጡጫዬና ጉንጩ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ አሳየው ነበር።

መንደሩ መሐል የቆመው ዘንግ ጠዋት ጠዋት በለስላሳ የሴት ድምፅ ይናገራል። «እንደምን አደራችሁ ዳገቴዎች። ትናንት ሜዳችሁ ሦስት ሺህ እስትንፋስ አጥቧል። ዘንድሮ ያልተጣጣሙ በጎች፣ ስድስት።» ሰው ይህን ሰምቶ ፊቱን ይታጠባል፣ የሱፍ ባናውን ይደርባል፣ ይወጣል። በየበጉ አንገት ድርጅቱ ያሰረውን፣ ሞቱን ለዘንጉ የሚናገረውን ነገር እኛ ማተብ እንለዋለን። ማተብ ካሰሩት በጎች በዓመት አሥር ካልተጣጣሙ ሜዳው «ሙሉ እረፍት» ይገባል። ሙሉ እረፍት ማለት የጓሳው ሣር ተገልብጦ ከዳር እስከ ዳር ባለውለታ ይተከልበታል፣ እኛ ደግሞ ከነባናችን ወደተቆጠረልን የከተማ ክፍል እንጫናለን ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጭላ አርፏል። አንድ የጭላ ሰው ከተማ አግኝቼ ምን እየሠራህ ነው ብለው፣ «አሳንሰር ውስጥ ቁልፍ እጫናለሁ» አለኝ። ያ ሰውዬ በድምፁ ብቻ ነብር የሚመልስ ነበር።

እንግዲህ ተክሉ የማይነቀል ከሆነ በጉ ይማር ተባለ። አስተማሪው እኔ ነበርኩ። ፈቃዱ በአካባቢው የነበረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢጠይቅም የሚያፍር ይመስለኛል።

በጓን ሌሊቱን ሳትበላ አሳድራታለሁ። ጠዋት ከቅጠሉ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል እሰጣታለሁ፤ ያቺ አትገድልም። አንጀት በጥስ ሲጀመር ይጣፍጣል፤ ተንኮሉም እሱ ላይ ነው። በደንብ ካኘከች በኋላ የሚያቅለሸልሽ ጨው በጠርሙስ እግታታለሁ። ከዚያ ግማሽ ቀን ጆሮዋ ይወድቃል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ሣር ብታቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። በግ ጠርሙሱን አትጠረጥርም። ያሳመመኝ ያ ቅጠል ነው ብላ ትይዛለች፤ ከያዘች እስክትሞት አትለቅም። በሦስተኛው ቀን እደግምላታለሁ። ሌላ ቦታ ያሉት አሠልጣኞች አምስቴ ይደግማሉ አሉ። እኔ ሁለት ይበቃኛል። እንዲያውም አንዲት ጠቦት ጠርሙሱን ሳነሳው አይታ ብቻ ሠልጥናለች። በሃያ ዓመት አርባ ሺህ በግ አሠልጥኛለሁ።

«አራት መቶ፤» ትላለች እትዬ ትርንጎ።

እትዬ ትርንጎ የሜዳው ዳኛ ናት። ማን መቼ በጉን እንደሚያወጣ፣ ጓሳው መቼ እንደሚታጨድ የምትወስነው እሷ ናት። ምላሷ ጅራፍ ነው። «አጥናፍ ሲናገር መቶውን ጥላችሁ አንዱን ያዙ፤» ትላለች ሰው ፊት። እኔ ደግሞ አልተዋትም፤ «አንቺ ያየሽው አንዱን ብቻ ስለሆነ ነዋ፣ ዓይንሽ ከደከመ ቆየ፤» እላታለሁ።

የሥራው ዋና ሕግ አንድ ናት። ያልሠለጠነ በግ ከሠለጠነ መንጋ ጋር አንድ ቀን አይውልም። በግ ከሆዷ በላይ የምታምነው ጎኗ ያለችውን በግ አፍ ነው። አንዷ ስትበላው ካየች፣ እኔ በሁለት ጠርሙስ ያስተማርኳትን በአንድ ጉርሻ ትረሳዋለች። ይህን ሕግ ለመንዝ ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያፈረስኩትም እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ደስ ብሎኝ አይደለም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ልጄን ውባለምን ዳርኳት። ዘንጉ በዚያ ሳምንት «ስምንት» ይል ነበር፤ ሁለት ቀርቶናል። የመልሱ ዕለት አማቼ አቶ ልሳኑ ከይፋት ሙክት በግ ይዘው መጡ። ሙክት ስላችሁ ሌላ ነገር አታስቡ፤ ላቱ እንደ ጋን ክዳን፣ ቀንዱ ሁለት ዙር፣ ሲራመድ መሬቱ ይቅርታ የሚጠይቀው።

«አማቼ፣ ይሄ በግ ነው ወይስ ወይፈን?» አልኳቸው።

«በግ ነው። ወይፈኑ መኪናው አልበቃው አለና ተመለሰ፤» አሉ።

ወደድኳቸው። ይፋት ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ የሺመቤት ጆሮዬ ስር መጥታ፣ «ጓሮ ይታሰር። ሣር አጭጄ እሰጠዋለሁ፤» አለችኝ። አማቼ ሰሙ።

«የኔ በግ ምን አጠፋና ነው የሚታሰረው?» አሉ እየሳቁ። ሳቁ ግን ዓይናቸው ጋ አልደረሰም። አማች ያመጣውን በግ ጓሮ መደበቅ፣ ናቅሁት ማለት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን እውነቱን ልናገር፣ የአማቼ ክብር ብቻ አልነበረም። ዳገቴ ያንን ላት እንዲያይ ፈልጌ ነበር። ትርንጎ በተለይ እንድታይ ፈልጌ ነበር።

«ከበጎቼ ጋር ይውላል፤ እኔ ራሴ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤» አልኩ።

ቆሜ ጠበቅሁትም። እንግዶቹ ግን ዳሱ ደጃፍ ከበቡኝ። አማቼ፣ «በግ እንዴት ነው የሚሠለጥነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ግድብ መክፈት ነው። ጠላውን ይዤ፣ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣ ስለ አርባ ሺህ በጎች ማውራት ጀመርኩ። ሠላሳ ሺህኛው ጋ ስደርስ ዘንጉ ተናገረ። በቀን ተናግሮ አያውቅም።

«ዳገቴዎች። ያልተጣጣሙ በጎች፣ ዘጠኝ።»

ዞርኩ። ሙክቱ አንድ ቁጥቋጦ ግማሽ ድረስ ግጦ፣ ተጋድሞ እግሩን ይራገጣል። አራት በጎቼ ዙሪያውን ቆመው ያኝካሉ። የአንዷ ጉልበት ታጥፏል። ሮጥኩ። እኔ ስሮጥ ነፋስ ከኋላ ይቀራል፤ ያን ቀን ግን እኔ ቀረሁ።

«አሥር፤» አለ ዘንጉ። ቅጠል ከአፋቸው በጣቴ እየጎረጎርኩ ሳወጣ፣ «አሥራ አንድ» አለ። «አሥራ ሁለት። እንኳን ደስ አላችሁ ዳገቴዎች፤ ሜዳችሁ ለሙሉ እረፍት ታጭቷል። መርማሪ በሦስት ቀን ውስጥ ይጎበኛችኋል። መልካም በዓል።»

ሙክቱ ማተብ ስለሌለው አልተቆጠረም። ሳይቆጠር ሞተ።

ዳሱ ውስጥ ከበሮው ቆመ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አማቼ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ «እኔ ባላመጣው» ይላሉ፣ «እኔ ባላመጣው።» ውባለም በሙሽራ ልብሷ ወጥታ በጎቹን አየችና ወደ ቤት ተመለሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ትርንጎ መጣች። መቀመጫ አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም። የድርጅቱን መተዳደሪያ ዘርግታ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስላት ተቆጥታ የካደችውን ማለት ነው።

አነበብኩላት። በትክክል የሠለጠነች በግ ካልተጣጣመች ጥፋቱ የባለበጉ ቸልተኝነት ነው፤ ከሜዳው ላይ ይቆጠራል። በሐሰት የሠለጠነች በግ ካልተጣጣመች ግን ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው፤ ከሜዳው ላይ ይሰረዛል። አሠልጣኙም ፈቃዱን ይነጠቃል፣ በአሥራ አራት ቀበሌ ዘንጎች ላይ ስሙ አጭበርባሪ ተብሎ ለአንድ ወር በየጠዋቱ ይነበባል።

«ድገመው፤» አለች።

ደገምኩት።

«ሙያ የለኝም በል ነው የምትይኝ?» አልኳት።

«እኔ ምንም አላልኩህም። አንብብልኝ ነው ያልኩህ።»

«ትርንጎ፣ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ፤» አለች። «አርባ ሺህ።»

አራት መቶ አላለችም። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ የቆረጠው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቁጥር ከአፏ ልሰማ ስለፋ፣ የሰጠችኝ ልጥለው በሚገባኝ ቀን ነው።

መርማሪው በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ደረሰ። አቶ ኢዮስያስ ይባላል፤ ለስላሳ ሰው፣ ጫማው ላይ ጭቃ የማይቀመጥ። መንደሩ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጥቶ ቆሟል። አንዲት መቅረጫ ደረቱ ላይ አብርቶ፣ «ሐዘናችሁን እንጋራለን፤» አለ። «ያልተጣጣሙት የእርስዎ ናቸው፣ አቶ አጥናፍሰገድ?»

«የእኔ ናቸው። ጥፋቱም የእኔ ነው። ሥልጠናው ሐሰት ነበር።»

«ይቅርታ?»

«ጨው አልሰጠኋቸውም። ውሃ ነው የጋትኳቸው። ሙያ የለኝም።»

እነዚህ ሁለት ቃላት ከአፌ ሲወጡ ባያችሁኝ። ከተራራ ድንጋይ ፈልፍዬ አውጥቻለሁ፣ ገደል በትከሻዬ ደግፌያለሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

ኢዮስያስ ፊቴን አየ። ሞኝ አይደለም፤ ሞኝ ቢሆንማ ይህን ያህል አልጠላውም ነበር። «ብዙ መንደር እንዲህ ያለ ኑዛዜ ሰምቻለሁ፤» አለ። «ማረጋገጫው ቀላል ነው። እርስዎ ካሠለጠኗቸው አንዷ ትቅረብ። ቅጠሉን ሦስት ጊዜ እንሰጣታለን። ከበላች፣ እንዳሉት ሥልጠናው ሐሰት ነው። ሦስቴ እምቢ ካለች ግን ሥልጠናው ሠርቷል፤ ሜዳው ያርፋል። በጓን እርስዎ አይመርጡም። ዳኛዋ ይምረጡ።»

የእኔ በጎች ያንን ቅጠል ከሚበሉ ድንጋይ ይበላሉ። መልካም አድርጌ በመሥራቴ ሜዳውን ላስበላው ነው። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኔ ገደሉን ራሴ በልኬ ቆርጬ ነው የሠራሁት።

ትርንጎ በመንጋው መሐል ቀስ ብላ ሄደች። አንዷን ነካች፣ ተወቻት። ሌላዋን አለፈች። ቦሬ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ማተቧን ይዛ አመጣቻት። ስታመጣት ዓይኖቿ እኔ ላይ ነበሩ።

ቦሬ ግንባሯ ነጭ ናት። እናቷ የሞተችው በወለደቻት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደረቴ ውስጥ፣ ካፖርቴ ስር ነው ያደገችው። በጡጦ አጠባኋት። ሣር መጋጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ሣሩን በጥርሴ ነጭቼ፣ እያኘክሁ። የሺመቤት አይታኝ ለሳምንት ስቃለች። በጓ እስከዚያን ቀን ድረስ እኔ ስበላ አፌን እያየች ነው የምትበላው። መልሱ ዕለት ከመንጋው የተረፈችውም ከዳሱ እንጀራ ለመስረቅ እኔን ተከትላ ስለመጣች ነው። ትርንጎ ይህን ሁሉ ታውቃለች። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ኢዮስያስ ብቻ አያውቅም።

ቅጠሉን በጓንት ቆርጦ ዘረጋላት። ቦሬ አሸተተች፣ አፍንጫዋን አነሳች፣ ወደ ኋላ አለች።

«አንድ፤» አለ።

ዞሮ ሰጣት። ፊቷን አዞረች፤ በፊት እግሯ መሬቱን መታች። ልቤ ኮራ። እግዜር ይየኝ፣ በዚያች ሰዓት ኮራሁ።

«ሁለት።»

ቅጠሉን ከእጁ ወሰድኩት። «የኔ ጌታ፣ ወረቀታችሁ ይሄ ተክል መርዝ አይደለም ይላል። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም። መርዝ አይደለም።»

«እንግዲያው እኔ ቁርስ አልበላሁም።»

«አቶ አጥናፍሰገድ፣ ይህ ለሰው ምግብነት አልተጠናም።»

«ይጎዳል ማለትዎ ነው?»

ደረቱ ላይ መቅረጫው ይበራል። ወደ ታች አየው። «እንደዚያ አላልኩም።»

«ካላሉ እሺ።»

ተንበረከክሁ። ቅጠሉን ለሁለት ቀድጄ ግማሹን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ፣ ግማሹን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ከቦሬ ዓይን ትክክል ነበርኩ። አኘክሁ። ይጣፍጣል፤ ማር እንጀራ ማር እንጀራ ይላል። ያንን ጣዕም ስቀምስ ሃያ ዓመት የፈረድኩባቸው በጎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። በሚታይ ጉርሻ ዋጥኩ። ቦሬ አፌን አየች። ጆሮዋ ቆመ። አንድ እርምጃ ቀረበች፣ መዳፌን አሸተተች፣ ወደ ኋላ አለች፣ መልሳ አፌን አየች። እኔ አኝካለሁ። እንባዬ ከቅጠሉ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ ከቅጠሉ ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

በላችው።

«በልታለች፤» አለ ኢዮስያስ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረ። እያንዳንዱን አንቀጽ። ሆዴ ውስጥ አንድ ሰው ገመድ ይጎነጉናል፤ እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ላቤ ባናዬን አራሰው። ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ የሺመቤት ከኋላዬ ቀበቶዬን ጨብጣ ያዘችኝ። «ለድምፁ ጥራት አንድ ጊዜ ይድገሙልን፤» አለ። ሙያ የለኝም አልኩ። «በሙሉ ስምዎ።» እኔ አጥናፍሰገድ ሙያ የለኝም አልኩ። ሦስተኛም አስባለኝ። ያውቅ ነበር። ማወቁን አውቄያለሁ፤ ግን መርዝ ነው ሳይል ሊያስቆመኝ አይችልም፣ መርዝ ነው ካለ ደግሞ እሱም ነገ አሳንሰር ውስጥ ቁልፍ ይጫናል። ተቀብሎ ፈረመ፣ አስፈረመኝ፣ ጫማውን አየ፣ መኪናው ውስጥ ገባ።

መኪናው ከጉብታው ጀርባ ሲሰወር ወደቅሁ። የሺመቤት ከሰል ደቁሳ በውሃ በጥብጣ አዘጋጅታ ነበር፤ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለቦሬ ጋቱን። ትርንጎ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ጣቷን ጉሮሮዬ ውስጥ ሰደደች።

«አውጣው፤» ትላለች። «አውጣው የኔ ጌታ። እንደ ወሬህ አትቆጥበው።»

አወጣሁት። ሰባት ወንዝ የሚሞላ አወጣሁ። ከአርባ ሺው በተለየ ይህችን ማንም አልቀነሰብኝም።

አመሻሽ ላይ ዘንጉ ተናገረ። «ዳገቴዎች። በተደረገው ማጣራት መሠረት፣ ያልተጣጣሙ በጎች፣ ስምንት።» ሰዎች ጭንቅላታቸውን ያዙ፣ ተቃቀፉ፣ አንዳንዱ መሬት ላይ ተቀመጠ። አማቼ ግንባሬን ሳሙ። እኔ ወደ ጎን ዞርኩ። ቦሬ አጠገቤ ተጋድማለች፤ ሆዷ ተነፍቷል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ዓይኗ ከአፌ ላይ አልተነሳም። እንደገና አቅለሸለሸኝና አጎንብሼ አስመለስኩ። እሷም አይታኝ አንገቷን ዘረጋች፤ እኔ እንዳደረግሁት አፏን ከፈተች።

በግ ማስመለስ አትችልም።